ሳልጠየቅ የተሰረዘ ስም

የልጅ ልጄ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ የድሃ ልጆች ከወጣው የድጋፍ ዝርዝር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። የተሰረዘው ውጤቷ አንሶ አይደለም፤ ጠባይዋ ከፍቶም አይደለም። ከስሟ አጠገብ የተጻፈው ምክንያት «እናቷ አረብ አገር ናት» የሚል ነው። ይህን ለመጻፍ ጎረቤት ተጠይቋል፣ የቀበሌው ሰው ተጠይቋል፣ የቤቴ ጣራ ሳይቀር ታይቷል። ያሳደግኳት እኔ ግን አልተጠየቅሁም። ይህን ግፍ ነው እላለሁ። ግፍ መሆኑን በወረቀት የሚያሰፍርልኝ ስላጣሁ በራሴ ደብተር አሰፈርኩት። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም፤ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

የኔ ትምህርት ጥቂት ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጠርኩ፣ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩና ተዳርኩ። ልጅቷን አባቷ ቀድሞ ሞቶባት፣ እናቷ ጥላልኝ ስትሄድ አምስት ዓመቷ ነበር። ፊደሉን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ አለፈችኝ። የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ «ይህን አስተማሪሽን ጠይቂ» እላታለሁ፤ «አስተማሪዬ ቤት ጠይቂ ብሎኛል» ትለኛለች። ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ስታጠና አጠገቧ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ። የምታነበው ባይገባኝም ስታንጎላጅ እቀሰቅሳታለሁ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል ነው፤ ሦስት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከሁለት ልጆች ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። ቅዳሜ ትመጣለች፣ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ሲኖር ድንች። ያ ስንቅ ለሳምንት ተብሎ ይታሰር እንጂ የሚበቃት ለአምስት ቀን ነው። ቀሪውን ሁለት ቀን እንዴት እንደምታሳልፍ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

ማትሪክ የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተወስደው ነው። በአውቶቡስ ጭነው ወሰዷቸው። ተመልሳ ስትመጣ ስለ ፈተናው ብዙ አልተናገረችም፤ የነገረችኝ ስለ ተደራራቢው አልጋ ነው። «ከላይ ደረሰኝ፣ እማ። እንዳልወድቅ ወገቤን በነጠላ ከብረቱ ጋር አስሬ ነው ያደርኩት።»

«እንዲያ ታስረሽ ነው የተፈተንሽው?»

«ጠዋት ፈትቼዋለሁ!»

ውጤት የወጣ ቀን ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጣን። ስልኳን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ቆየችና «አለፍኩ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከክፍሏ ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። እልል ልል አፌን ስከፍት «አሁንስ ምንድን ነው የሚደረገው?» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ። በእናቷም በአባቷም ወገን እዚህ የደረሰ ሰው የለም፤ ምን እንደሚደረግ የምጠይቀው ሰው ፊቱ አልመጣልኝም።

የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባም ወዲያ ነው። እኔ ደሴን አልፌ አላውቅም።

የሚደግፉ ሰዎች እንዳሉ የሰማነው ከትምህርት ቤቷ ነው። ከዚህ አገር ወጥተው በየከተማው ሥራ የያዙ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ ከቤተሰቡ ማንም ኮሌጅ ያልገባበትን የድሃ ልጅ መርጠው እስኪመረቅ ይይዙታል። ብርድ ልብስ፣ የመንገድ፣ የደብተር ይሰጣሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ሰው ይሰጣሉ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የቆየ ተማሪ መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበላቸዋል፣ ምዝገባ ይወስዳቸዋል፣ በየሳምንቱ መኝታቸው ድረስ እየሄደ ይጠይቃቸዋል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም አውቃለሁ። ከኛ በላይ ካለው መንደር አንድ ጎበዝ ልጅ ማንም ሳይቀበለው ሄዶ በሦስተኛው ወር ተመልሷል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ሲናገር አልገባው አለ፤ ያልገባው እሱን ብቻ መሰለው። አጠገቡ ሆኖ «እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር» የሚለው አንድ ሰው አጣ። አሁን ድንጋይ ይፈልጣል። ባገኘሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ልጅቷ ዝርዝሩን ልትጠብቅ ከተማ ክፍሏ ሰንብታ ነበር፤ ዝርዝሩ የወጣ ዕለት በቀኗ ያልሆነ መጣች። ረቡዕ ነበር።

«ምነው? ስንቅ አለቀብሽ?»

«ዝርዝሩ ወጣ።»

«እና?»

«ስሜ አለ። ግን መስመር ተሰምሮበታል።» ምክንያቱን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ተነስቼ ሄድኩ። ልጆቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ቢሮ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ያለች ክፍል ናት። ዝርዝሩ ከበሩ ላይ ተለጥፏል። ጣቴን እየጎተትኩ አነበብኩ፤ አምስተኛዋ እሷ ናት። ከታች በሷ ምትክ የሌላ ልጅ ስም በእጅ ተጽፏል። ጸሐፊዋን ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ቅሬታ በጽሑፍ ነው።»

«በቃል ይቀለኛል።»

«በቃል አይፈቀድም።»

«እናንተስ የሰረዛችሁት በምን ነው? በጎረቤት ቃል አይደለም?»

ሳቋ መጣባት፤ በእጇ ሸፈነችው። «ቤትዎ ቆርቆሮ ነው ተብሏል።»

«ቆርቆሮ ይበላል?»

«ልጅዎ አረብ አገር ናት?»

«ናት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ቆሜ ጻፍኩ። ስጨርስ አየችውና «የመጨረሻዋን መስመር ባይሉስ?» አለችኝ። የመጨረሻዋ መስመር «አላህ ይይላችሁ» የምትል ናት። አልሰረዝኳትም። የሚቀጥለው ሐሙስ ምስክሮቹ ባሉበት እንድቀርብ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

እንደተመለስኩ ቤቴ ሳልገባ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ክርስቲያን ናት፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ልጆቻችንንም አንድ ላይ ነው ያሳደግነው። ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«አንቺ ነሽ የመሰከርሽብኝ?»

«ምን ብዬ?»

«ልጇ ትልክላታለች ብለሽ።»

«ብያለሁ። ምነው፣ አትልክም?»

ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ። በማርያም፣ ምን ዋሸሁ? በየገበያው ቀን ባንክ ተቀምጠሽ የማያይሽ ማን አለ? ያን አረንጓዴ ሻሽ ‹ልጄ ላከችልኝ› ብለሽ እዚሁ አጥር ላይ ዘርግተሽ ያሳየሽኝስ? እንዲያውም ቀናሁብሽ። የኔዋ ደብረ ብርሃን ተቀምጣ ሳሙና አትልክልኝም!»

«መስክሪ ያለሽ ማን ነው?»

«ወይ ጉድ! ደብቂልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ደብቂልኝ ካልሽኝማ ቀበሌ አይደለም፣ ጳጳስ ቢመጣ አልናገርም።»

ቤቴ ገባሁ።

ጥፋቴን የምጽፈው እዚህ ላይ ነው። ልጄ አትልክም። አራት ዓመት ሙሉ አልላከችም፣ አልደወለችምም። ጣራውን የሠራችው ቀድሞ በሄደች ሰሞን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ ቀን ምንም የተለየ ነገር አልተናገረችም። «ልጄ ቁመቷ የት ደረሰ?» አለችኝ፤ «ትከሻዬ ጋ» አልኳት። «እንግዲያው ልትበልጥሽ ነው» ብላ ሳቀች። «ሥራ ጠሩኝ፣ እደውላለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ በቁጥሯ ስደውል አንዲት ሴት በአረብኛ ትናገራለች። ልጅቷ «ማሽን ናት» ብላኛለች። ማሽን ትሁን፣ ልጄ ካለችበት በኩል የሚመጣ ድምፅ እሷው ብቻ ስለሆነች እስክትጨርስ አዳምጣት ነበር።

እኛ ዘንድ አረብ አገር የሄደች ልጅ ድምፅ ስታጠፋ ሰው መጀመሪያ «ደወለች?» ይላል። ቆይቶ መጠየቁን ይተውና ዓይን ዓይንሽን ያያል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። አስከሬን ሳይመጣላት፣ ሞተች ያለ ሰው ሳይኖር፣ ሰው መጠበቅ ስለሰለቸው ብቻ የተለቀሰላት ልጅ አውቃለሁ። እናቷ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የዋለችው። በኔ ልጅ እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ባንክ የገባሁት የምር ልጠይቅ ነው። በስሜ የመጣ ነገር ካለ ብዬ። «የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል፣ እማማ» አሉኝ። እግሬ ደክሞ ስለነበር ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስወጣ አንዲት ያገራችን ሴት በር ላይ አገኘችኝ።

«ላከች?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት።

አልሐምዱሊላህ ማለት ውሸት አይደለም። እኔ ግን ለውሸት ተጠቀምኩበት። ሴትዮዋ ያን ቀን ለመንደሩ ሁሉ ነገረች፤ ሰውም «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ልጄ እንደገና በሰው አፍ በሕይወት መኖር ጀመረች። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሄድኩ። የወረፋ ቁጥር እወስዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ቁጥሬ ሲጠራ ሌላ ሰው እስኪነሳ ጠብቄ እወጣለሁ። ልጅቷ ክፍል የምትገባበትን ሰዓት መርጬ ነበር የማደርገው። ሻሹን የገዛሁት ከዚያው ከገበያው ነው።

አንድ ቀን ማዶ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ቁጥሯ ሲጠራ ሳትነሳ አየኋት። ወረቀቷን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አየኋት። ሰላም ተባብለን አናውቅም። ሰላም ብንባባል ከየት እንደምንጀምር አላውቅም።

ከጎረቤቴ ተመልሼ ስገባ ልጅቷ መደብ ላይ ተቀምጣለች። «ተጣላችሁ?» አለችኝ።

«አልተጣላንም። ሐሙስ ኮሚቴው ይሰማኛል። አብሽሪ።»

«ተይው፣ እማ። ሰው አነጋግሬያለሁ።»

«የምን ሰው?»

«አረብ አገር የሚልክ። ከሃይቅ ነው። ፎቶ ብቻ ስጪኝ ብሎኛል።»

መቀመጥ አቃተኝ፣ መቆምም አቃተኝ። «አንቺ፣ ማትሪክ ያለፍሽው የሰው ቤት ልትጠርጊ ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ በምን እሄዳለሁ? ደርሼስ ማንን አውቃለሁ? እዚያ ከሄድኩ ግን አንድ ሥራ አለኝ። እናቴን እፈልጋለሁ።»

«እናትሽ ደህና ናት። ትልካለች እያልኩሽ!»

«አትልክም» አለችኝ። አልጮኸችም። «አራት ዓመቷ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አየሁሽ። አስተማሪ ቀርቶ ሳሙና ልገዛ ወጣሁና በባንኩ መስታወት አየሁሽ። ቁጥርሽ ተጠርቶ አልተነሳሽም። አልሰማሽም መስሎኝ ልነግርሽ ስገባ ዘበኛው ‹ተያቸው፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው› አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«አሥረኛ ክፍል እያለሁ።»

እኔ እንዳታውቅ እደብቃታለሁ፤ እሷ ማወቋን እንዳላውቅ ትደብቀኛለች። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ኖርን። ኮሚቴው ሲጠይቃትም አልነገረቻቸውም። «አንቺ ለሰው የምትዪውን እኔ አላፈርስብሽም» አለችኝ። ለኔ ብላ ነው ስሟን ያሰረዘችው።

እስከ ኮሚቴው መልስ ፎቶውን ላትሰጥ አስማልኳት። «ወላሂ» አለች። «ግን የምዝገባው ቀን ካለፈ ከልክለሽ አታቆሚኝም።»

ሐሙስ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በግራቸው አንዲት የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ፣ በቀኛቸው የቀበሌው ሰው። ጎረቤቴና ሌላ አንድ ገበሬ በምስክርነት መጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጎረቤቴ ዓይኗን አላነሳችልኝም።

መምህሩ ወረቀቴን አንብበው ሲጨርሱ «እትዬ፣ ግፍ ብለው ጽፈዋል። ግፉ ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ።

«ሁሉን ጠይቃችሁ እኔን አልጠየቃችሁኝም።»

«ብንጠይቅዎ ኖሮ ምን ይሉን ነበር?»

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። ልዋሽ እችል ነበር፤ ለመድኩት እኮ።

«ትልካለች እል ነበር» አልኩ።

የቀበሌው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ታዲያ ምኑን ተበደሉ? ያው ነው።»

«ያው አይደለም። መዋሸቱ ካልቀረ ራሴ ልዋሽ። እኔ ራሴ ዋሽቼ ቢሰርዟት ጥፋቱ የኔ ይሆን ነበር። አሁን ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እውነቱን ይንገሩን እንግዲህ። ትልካለች አትልክም?»

«አትልክም። አትደውልም። አራት ዓመት።»

«አንቺ!» አለች ጎረቤቴ ከግድግዳው። ቁጣ አልነበረም።

ባንኩንም ነገርኳቸው፣ ሻሹንም ነገርኳቸው። ስናገር የማየው የጠረጴዛውን እግር ነው። የሴቶች ጉዳይዋ ሠራተኛ ቅጹን ሳበች። ወላጅ በሕይወት አለ፣ ወላጅ በሕይወት የለም፤ ሁለት ሳጥን ነው ያለው። «በሕይወት የለችም ብል ጉዳዩ ዛሬውኑ ያልቃል፣ እማማ» አለችኝ በቀስታ። ለኔ አዝና ነው።

«እንዳትጽፊ!»

«አለች ካልኩ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ወላጅ የሚለው ይመጣል።»

«እሱንም አትጻፊ። ሦስተኛ ጨምሪ። የት እንዳለች አይታወቅም በዪ።»

«ቅጹ ቦታ የለውም።»

«ጠርዙ ባዶ ነው። እዚያ ጻፊ።»

የቀበሌው ሰው «ዝርዝሩ ሞልቷል፤ በምትኳ የገባችውን እናውጣ ነው የሚሉት?» አለኝ። ያቺን ልጅ አላውቃትም፤ እናቷን ግን አውቃታለሁ። በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ናት።

«ወላሂ አታወጧትም! እሷን አውጥታችሁ የኔን ካስገባችሁ አልቀበልም። እሷም ሳትጠየቅ ልትወጣ ነው?»

መምህሩ ቦታ ለመጨመር ከተማ ያሉትን ሰዎች መጠየቅ እንዳለባቸው ነገሩኝ። «ግፍ ስላሉትም እንነጋገርበታለን» አሉ። «ስንት ቀን?» አልኳቸው። ቀኑን አልነገሩኝም። ለምዝገባው የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

ወደ ቤት የሄድነው ጎረቤቴና እኔ በአንድ መንገድ ነው፤ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ።

በነጋታው ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። የኛም የክርስቲያኖቹም ሰዎች አሉ። ጎረቤቴ መሐላቸው ናት። አንዷ ዓይኗን እየጠረገች ልትገባ ስትል ክንዴን በበሩ ላይ ዘረጋሁ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«አላህ ያጽናሽ ልንል ነዋ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«በምን ያጽናኝ? የሞተብኝ የለም።»

«አራት ዓመት እኮ ነው...»

«አራት ዓመት አራት ዓመት ነው። ሞት አይደለም። ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ኑ፤ ያኔ ቤቴ ቤታችሁ ነው። እንዲህ ሆናችሁ ግን አትገቡም።»

አልገቡም። ነጠላቸውን አስተካክለውም አልመጡም። ተዋርደው ነው የሄዱት፤ እውነት አላቸው። ለኔ ብለው ከሥራቸው ቀርተው መጥተው በራፍ ላይ መለስኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፣ ያልፋሉ። እሳት የሚጫርም፣ ወንፊት የሚዋስም ቀረ። ድሮ «ላከች?» የሚለኝ እንኳ ይናፍቀኝ ጀመር። ባንክም መሄድ አልችልም፤ ሄጄ ለማን እታያለሁ? የገበያ ቀን ቤቴ ውዬ ልብስ እሰፋለሁ፤ አጥሩን አልፎ የሚሄደውን የሰውና የበቅሎ ኮቴ እሰማለሁ።

ልጅቷ ጠዋትና ማታ ጉብታው ላይ ትወጣለች፣ ስልኳን አይታ ትመለሳለች። እኔ «ምን አለ?» አልላትም። ሽሮ ፈጭተን፣ በሶ ቆልተን አሰናዳን፤ ለየትኛው መንገድ እንደሆነ ሳንነጋገር። ፎቶው ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቀን አውጥታ ስታየው ያዝኳት። እናቷ ስትሄድ የተነሳችው ፎቶ ዓይነት ነው፣ ከጀርባው ነጭ።

የምዝገባው ቀን ሰኞ ነው። ረቡዕ ሆነ፣ መልስ የለም። ሐሙስም ዋለ። አርብ ማለዳ ለልጅቷ ሳልነግራት ወጣሁ። ዝናብ ያደረ መንገድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ቢሮው ስደርስ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ነው። ጸሐፊዋ አየችኝና ሳትጠይቀኝ ወንበር አቀረበችልኝ።

«ውሃ ላምጣልዎ?»

«መልስ አምጪልኝ።»

«መምህሩ እየመጡ ነው።»

እስኪመጡ ተቀመጥኩ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የለመድኩት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። እምቢ ካሉ ልጅቷን በምን እንደማቆማት አሰብኩ፤ አላገኘሁም። በር ላይ ቆሜ ሰዎቹን እንደመለስኳቸው በር ላይ ቆሜ እሷን መያዝ አልችልም። እናቷንም አልያዝኳትም።

መምህሩ መጡ። ጭቃዬን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ። መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥተው «እትዬ፣ ላንብብልዎ ወይስ በቃል ልንገርዎ?» አሉኝ።

«ያንብቡልኝ። የቃሉ በቅቶኛል።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «የተማሪዋ ወላጅ እናት የት እንዳለች አይታወቅም። ኮሚቴው አሳዳጊዋን ሳይጠይቅ የተማሪዋን ስም መሰረዙ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የኮሚቴው ነው። አንድ ቦታ ስለተጨመረ፣ በምትኳ የገባችው ተማሪ እንዳለች ሆና፣ የዚህች ተማሪ ስም ወደ ዝርዝሩ ተመልሷል።»

«ግፍ የሚለውስ?»

መዝገቡን ዘጉት። «ተከራከርንበት፣ እትዬ። መጀመሪያም ያየነውን ነው የጻፍነው፤ ባንክ ተቀምጠው ያሳዩን ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ግፍ አላልንም፣ ጥፋት ብለናል። ልጅቷ ነገ ትሳፈር፤ የሚቀበላት ተማሪ ስሟን ይዞ መናኸሪያ ይጠብቃታል።»